በማሽላ ጥግ የበቀለች ቲማቲም

አንድ ወጣት ነበረ። የመንደሩ ገበሬዎች በአንድ ድምፅ የውሃ አባት አድርገው መረጡት። የውሃ አባት የመስኖውን ቦይ የሚያስከፍትና የሚያስዘጋ፣ ውሃው ለማን ቀድሞ ለማን ዘግይቶ እንደሚደርስ የሚወስን ሰው ነው። በበጋ የእሱ ቃል የብዙ ቤት ጉሮሮ ነው። ሰዎቹ «አድልቶ አያውቅም» እያሉ አመሰገኑት፤ ወጣቱ ግን ምስጋናው አልዋጥልህ አለው። በዕድሜ ወደ ገፉ አንድ አትክልተኛ ዘንድ ሄደና እንዲህ ሲል ጠየቃቸው።

«አባባ፣ አድልቼ እንደማላውቅ እኔም አውቃለሁ። ግን ማድላት የምችልበት ነገር በእጄ ገብቶ አያውቅም። ሐቀኛ ነኝ ወይስ የምፈተንበት ቀን ገና አልመጣም? ይህን በምን ልወቅ?»

ሽማግሌው ተቀመጥ አሉት። ከዚያም ይህን ነገሩት።

በቆላ አገር አንድ ዘር አዳቃይ ይኖር ነበር። ጠንቃቃ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ ያላየውን ነገር አየሁ አይልም፤ ሁለት ጊዜ ያየውንም ተመልሶ ይጠራጠረዋል። ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠራጠረው ግን ራሱን ነበር፤ ይልቁንም ደስ ባለው ቀን። ገበሬዎቹ ምን ቢጠይቁት መልሱ ሁልጊዜ «ይጣራ፣ ይረጋገጥ» ስለሆነ «አቶ ይጣራ» የሚል ስም አወጡለት።

የዚያ አገር ገበሬዎች የወንዙን ውሃ እየጠለፉ ቲማቲም ያለማሉ። ሙቀቱ ሌላውን ቢያሳርርም ለቲማቲም ይስማማ ነበርና ከእሱ በቀር የሚተማመኑበት አዝመራ አልነበራቸውም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ በሽታ ወረደባቸው። የያዘው ተክል ቅጠሉ ወደ ላይ ተጠቅልሎ እንደ ማንኪያ ይጎደጉዳል፤ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉ ባለበት ይቀጭጫል፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ገበሬዎቹ ጨምድድ አሉት። ጨምድድ ቫይረስ ነው። ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው የምታሻግረው አንዲት ነጭ ዝንብ ናት፤ ከማነሷ የተነሳ ተክሉን ሲነቀንቁት እንደ ዱቄት ብናኝ ቦነን ትላለች። አገሩ ቆላ ስለሆነ የሚያጠፋት ብርድ የለም። ገበሬዎቹ መድኃኒት ረጩ፤ ዝንቧ ጥቂት ጠፍታ ተመለሰች። አብዝተው ረጩ፤ ለመደችው።

ይህን ያየ አንድ ባለጸጋ መጣና ማሳቸውን በሙሉ ለረጅም ዘመን ልከራያችሁ አላቸው። ነገሩ ምን እንደሚመስል ሁሉም ገብቶታል። በገዛ መሬታቸው የቀን ሠራተኛ ሊሆኑ ነው። ግን ቲማቲሙ አንድ ወቅት ደግሞ ከከሸፈ የሚበሉት የለም። ቦዩ ከተጠረገ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ መልሳቸውን ሊሰጡት ተቀጣጠሩ።

የተረፈቻቸው ተስፋ አዳቃዩ ነበር። እሱ ከሩቅ አገር የመጣ የዱር ቲማቲም ነበረው፤ ፍሬው ሽምብራ የሚያክል፣ ቢቀምሱት የሚመር፣ ጨምድድ ግን የማይደፍረው። ይህን ከአገሬው ትልልቅ ፍሬ ከሚያፈራው ቲማቲም ጋር አዳቀለው። አበባዋ ሳትፈነዳ በወረንጦ ከፍቶ የወንዴውን ክፍል እየነቀለ፣ የሌላውን ብናኝ እየቀባ፣ ምልክት እንዲሆነው ክር እያሰረ። ልጆቹን ዘራ፤ ከልጆቹ መረጠ፤ የልጅ ልጆቹን ዘራ። በቅጠሉ የዱሩን አባቱን፣ በፍሬው የአገሬውን እናቱን የሚመስል ፈለገ።

የገበሬዎቹ ማኅበር በሰጠው ማሳ ላይ ያደረገው ነገር ግን ገበሬዎቹን አስደነገጣቸው። በየመስመሩ መካከል የታመሙ ችግኞች ሆን ብሎ ተከለ። መድኃኒትም እንዳይረጭ ከለከለ።

«ሰው እሳት ያጠፋል እንጂ በጓዳው ይተክላል እንዴ?» አለው የማኅበሩ ሊቀ መንበር።

«ዝንብ ያልጎበኘውን ማሳ ጤነኛ ብዬ ብሰጣችሁ ደስ ይላችኋል?» አለ አዳቃዩ።

ጨምድድም እንደ ተጠራ ሁሉ መጣ። ማሳው መስመር በመስመር ተጠቀለለ፣ ቢጫ ሆነ፣ ቀጨጨ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዳር ላይ፣ የአንዲት መበለት ማሽላ በሚዋሰንበት ጥግ፣ አንዲት ተክል አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች። ቅጠሏ ጠፍጣፋ፣ ግንዷ ወፍራም፣ ፍሬዋ ቅርንጫፏን እስኪያጎነብስ የበዛ።

ወሬው በቦዩ ዳር ሮጠ። ገበሬዎቹ ሥራቸውን ጥለው መጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሊቀ መንበሩ አዳቃዩን ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው።

«እንኳን ደስ ያለህ! ተወለደች እኮ!»

«ማን?»

«ማን ይላል እንዴ! ይህችው ናታ! ፍሬዋ ሲቀላ ዘሯን ታወጣለህ፣ እኛ መደብ እናዘጋጃለን። ለዚያ ባለጸጋም ደህና ሁን እንለዋለን።»

አዳቃዩ ተክሏን ዞሮ ዞሮ አያት። ልቡ ዘለለ፤ ወዲያውም መዝለሉን ጠረጠረው። ይህን ያህል የሚመኘውን ነገር ዓይኑ በቅንነት ሊያይለት እንደማይችል ያውቃል።

«ይጣራ» አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱ ገበሬ፣ «ይህ ሰውዬ የገነት በር ላይም ቆሞ ‹ይጣራ› ሳይል አይገባም» አለ።

ፍሬዋ እስኪቀላ ድረስ የሚስቅ ነበር። ፍሬዋ ቀልቶ፣ አዳቃዩ ዘሯን በውሃ አብላልቶ አጥቦ ጥላ ላይ አድርቆ በከረጢት አስሮ ከያዘ በኋላ ግን የሚስቅ ጠፋ። መደቡ ተቆፍሯል፤ ስብሰባው ቀርቧል፤ ሰውየው ግን ዘሩን አልለቅም ብሏል።

«ምን ጎደላት?» አለው ሊቀ መንበሩ።

«የቆመችበት ቦታ አላማረኝም። ዝንቧን የሚያመጣው ነፋስ ከወንዙ በኩል ነው። እሷ ደግሞ ከማሽላው ጀርባ ናት። በሽታው መጥቶባት አሸነፈችው ወይስ ሳያገኛት አለፈ? ሁለቱም አረንጓዴ ነው። በዓይን አይለይም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኛ ግን አንተ ስትጠረጥር ልንመነጠር ነው!»

አዳቃዩ የሚጠረጥረው ማሽላውን ብቻ አልነበረም። አንድ ጧት የተክሏን ቅጠል በጣቶቹ አሽቶ ሲያሸት አንዲት እንደ መድኃኒት የምትሰነፍጥ ሽታ በአፍንጫው ሽው አለች። እንደገና አሸተተ፤ የለችም። የራሱ ምናብ መሆን አለመሆኑን አላወቀም፤ እንዲሁ ሊተዋት ግን አልቻለም። መበለቲቱ ከማሽላው ወዲያ ቲማቲም ነበራት፤ በጀርባዋ መርጫ አዝላ ስትወጣ ብዙ ጊዜ አይቷታል። ሄደና ጠየቃት።

«እትዬ፣ መድኃኒት ሲረጩ ወደኔ ማሳ ጠብታ አልፎ ይሆን?»

«ነፋሱን ጠይቀዋ!»

«እርስዎን ነው የምጠይቀው።»

«ስማ አቶ ይጣራ፣ ማሳህን እግሬ ረግጦት አያውቅም። ልጆቼ ይሙቱ! ደግሞ ምን ሰረቅሁህ ነው የምትለኝ?»

«ሰርቀውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለና ተመለሰ። ምላ እንኳ አላመናት። አለማመኑም አሳፈረው፤ ግን ማመን አልቻለም።

ገበሬዎቹም በበኩላቸው እሱን ማመን አቆሙ። አንድ ቀን የባለጸጋው መኪና ማሳው ዳር ቆመች። ባለጸጋው መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ዘር አገኘህ ይባላል» አለው።

«ገና ነው።»

«ለእነሱም ገና ነው ያልካቸው?»

«ለእነሱም።»

ባለጸጋው ፈገግ አለና መስኮቱን ዘጋ። ከሩቅ የቆሙት ገበሬዎች ቃሉን አልሰሙም፤ ፈገግታውን ግን አዩ። ከዚያ ወዲያ አዳቃዩ ቦዩን ተሻግሮ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። ውሃ ሲጠይቅም ቀድተው እየሰጡት ዓይኑን አያዩትም። «ዘሩን ለባለጸጋው ሊሰጠው ነው፤ ይጣራ የሚለው ጊዜ እስኪያልፍብን ነው» ተባለ። እሱም ሰማ። ምን ብሎ ያስተባብል? የሚጠረጥር ሰው ሲጠረጠር የሚያቀርበው ቅሬታ የለውም።

በመጨረሻ ማኅበርተኛውን ሁሉ ወደ ማሳው ጠራ። በሁሉም ፊት ክፉኛ ከታመመ ተክል አንድ የተጨማደደ ቅርንጫፍ ቆረጠ። የቅርንጫፉን ልጥ ገለጠ፤ የአረንጓዴዋንም ግንድ በዚያው ልክ ገለጠ፤ ቁስሉን ከቁስሉ አጋጥሞ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። የታመመው ቅርንጫፍ ፈሳሽ ወደ ጤነኛዋ ደም ሥር እንዲገባ።

መበለቲቱ ጮኸች። «ኧረ በሕግ! ኧረ ምን አደረገችህ!»

ሊቀ መንበሩ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ይህ ሰው ያበደ ነው ወይስ የተገዛ?» አለ።

«ከበረታች ትበረታለች» አለ አዳቃዩ። «ከወደቀች ግን ዛሬ በአንድ ተክል ብትወድቅ ይሻላል፤ ነገ በሁላችሁ ማሳ ላይ ከምትወድቅ።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፊናቸው እየመጡ ያዩአት ነበር፤ አንዱ ሌላው እንዳያየው ተጠንቅቆ። መጀመሪያ ምንም አልሆነችም። ገበሬዎቹ በግልጽ ማላገጥ ጀመሩ። አዳቃዩም በልቡ ሲጸልይ ራሱን አገኘው፤ የሚጸልየውም ተሳስቶ እንዲገኝ ነበር። ጥቂት ቆይቶ የጫፏ ቅጠል ጠርዙ ገረጣ። ከዚያ ተጠቀለለ። ከዚያ ያቺ ሁሉ ውበት ከላይ ወደ ታች እንደ ተነከረ ወረቀት ተኮማተረች።

ሰዎቹ ተሰበሰቡ። እንደ ለቅሶ ቤት ዙሪያዋን ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ በቁጣ፣ «አንተ ነህ የገደልካት! በደም ሥሩ በሽታ ካስገቡበት የሚተርፍ ማን አለ?» አለው።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ አዳቃዩም ራሱን ይህንኑ እየጠየቀ ነበርና። ምናልባት ፈተናው ፈተና ሳይሆን ግድያ ነበር።

ያኔ መበለቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ፊት መጣች።

«ልጄ፣ እግሬ አልረገጠም ያልኩህ እውነቴን ነው። ከድንበሩ ወዲያ ሆኜ ነው። ለራሴ ስረጭ እሷንም እያየኋት ታሳዝነኛለች። ያ ሁሉ በሽታ መሀል ብቻዋን። መርጫውን አሻግሬ አንዳንዴ ጫፏን ነካ አደርጋት ነበር። ይህችን ያህል ልርዳት ብዬ። ለአንተም ለሁላችንም ደግ የሠራሁ መስሎኝ።»

ሊቀ መንበሩ፣ «ደግነትሽ ሊቀብረን ነበር፣ እትዬ» አለ፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም።

አዳቃዩ ሰዎቹ ሲበተኑ የታመመውን ማሳ ይነቅል ጀመር። ስብሰባው ደርሷል፤ በእጁ ምንም የለም። በየመስመሩ እየሄደ፣ እየነቀለ፣ ከማሳው እምብርት ደረሰ። በዚያ፣ በታመሙት ተክሎች መካከል፣ አንዲት አስቀያሚ ተክል ነበረች። ገና ልጅ ሳለች ጨምድድ ይዟት የታችኛው ቅጠሏ ሁሉ ተጠቅልሎ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እሱም ያኔውኑ የሚነቀል ምልክት አስሮባት ዳግመኛ አላያትም። እጁን ሰዶ ግንዷን ያዘ። አልነቀለም።

ከተጨማደደው ቅጠል በላይ ግንዷ ሌላ ቡቃያ አውጥቶ ነበር። ቡቃያው ጠፍጣፋ፣ አረንጓዴ። ዝንቧ በላዩ ላይ አርፋለች፤ ሲነካው ቦነን አለች። ከቅጠሉ ሥር ጥቂት ፍሬዎች ነበሩ፤ መካከለኛ፣ ግማሽ የቀሉ፣ በዚያ ሙቀት ያልረገፉ።

ሰውየው ተክሏ አጠገብ ቁጭ አለ። ማሽላውን ጠርጥሯል፤ መበለቲቱን ጠርጥሯል፤ ነፋሱን፣ ደስታውን፣ ጸሎቱን ሳይቀር ጠርጥሯል። አንድ ነገር ግን አልጠረጠረም ነበር፤ የሚፈልገው ነገር ጠባሳ የሌለው መሆን አለበት ያለውን የገዛ ዓይኑን። በየቀኑ አልፏት የሄደው እሷን ነበር።

በስብሰባው ባለጸጋው ከፊት ተቀምጦ ነበር። አዳቃዩ አስቀድሞ የአረንጓዴዋን ዘር ከረጢት በሁሉም ፊት እሳት ውስጥ ጨመረው። ባለጸጋው ይህን ሲያይ ወንበሩን አመቻቸ። ቀጥሎ አዳቃዩ ከሥሯ አፈር ጋር የቆፈራትን ጠባሳም ተክል ይዞ ቆመ።

«ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አለ ሊቀ መንበሩ። «የበሽተኛ ቅሪት ልታሳየን ነው?»

«አዎ። ታችኛውን ቅጠል እዩት፤ በሽታው ገብቶባታል። ላይኛውን እዩት፤ አልፋዋለች። የቆመችው ከማሳው መሀል ነው፤ የሚጋርዳት አልነበረም፤ መድኃኒትም አልደረሳትም።»

«ታዲያ ይጣራ በለና!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ የመረረ ሳቅ ተሰማ።

አዳቃዩን የሚቀጥለው ቃል ከዚያ በፊት ከተናገረው ሁሉ ይልቅ ከበደው።

«አልልም» አለ። «ተጣርታለች።»

ሳቁ ቆመ። ከአፉ ይህን ቃል ሰምተውት አያውቁምና ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሊቀ መንበሩ ተነስቶ የተጨማደደውን ቅጠል በጣቱ ዳሰሰ፤ ከዚያ ቡቃያውን ዳሰሰ። ለባለጸጋው የተሰጠው መልስ አጭር ነበር። ቢፈሩም እንቢ አሉ።

ዘሯ ጥቂት ስለነበረ መጀመሪያ ተካፍለው አባዙት። ከልጆቿም የወደቁ ነበሩ፤ የቆሙትን ብቻ እየመረጡ ቀጠሉ። ዛሬም በዚያ አገር የሚተከለው ቲማቲም ሙቀቱ ሲበረታ ዝንቧ ስትበዛ ታችኛው ቅጠሉ ትንሽ ይጠቀለላል። ገበሬዎቹ አይደነግጡም። ቀና ብለው ቡቃያውን ያያሉ።

ሽማግሌው ነገራቸውን እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«አንተ ልጄ፣ በማሽላ ጥግ የበቀልክ ነህ። ክፉ ነህ አላልኩም። አረንጓዴነትህ እውነት ነው፤ ግን ምስክር አይሆንህም። ሐቀኛ መሆንህን አታውቅም፤ እኔም አላውቅም፤ የመረጡህም አያውቁም። የሚያመሰግኑህ ሰዎች እንደዚያች መበለት ናቸው፤ አዝነውልህ ከድንበር ወዲያ ይረጩብሃል። ውዳሴያቸው ጤነኛ ያስመስልሃል እንጂ አያጠነክርህም። ስለዚህ ራስህን መጠርጠርህ መልካም ነው። ግን በመጠርጠር አትቅር። አዳቃዩ በሽታ ፈልጎ ተከለ፤ አንተ መፈለግ የለብህም፤ ሹመቱ ራሱ ይዞት ይመጣል። በመጣ ጊዜ ቅጠልህ መጠቅለሉ አይቀርም። ልብህ አንድ ቀን ወዳልሆነ ቦታ ያዘነብላል። ያኔ አለቀልኝ ብለህ አትሽሽ፤ አልታመምኩም ብለህም አትዋሽ። ሰው የሚጣራው ከዚያ በላይ በሚያወጣው ቡቃያ ነው። ሌላውንም ሰው ጠባሳ ስላየህበት ብቻ አትንቀለው፤ ከምን መሀል እንደቆመ ጠይቅ።»

«እንግዲያው ሹመቱን ልቀበል?» አለ ወጣቱ።

«ተቀበል። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። በዚህ በጋ ውሃው ሲያጥር ከቦዩ ጭራ ላይ ሳይደርሰው የሚደርቀው የማን ማሳ ነው?»

«የእናቴ» አለ ወጣቱ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በል እንግዲህ» አሉት፤ «ነፋስህ የሚመጣው ከዚያ ነው።»